እስክሪብቶው ማን እጅ ነው ያለው?

ቲቸርን ጠይቁ

የመንፈቅ ዓመቱ ውጤት ከወጣ ወዲህ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ባብዛኛው ስለ ማትስና ፊዚክስ አስጠኚ ናቸው። ከነሱ ውስጥ አራቱን መርጫለሁ፣ ረዘም ያሉትን ትንሽ አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ቲቸር። ልጄ 12ኛ ክፍል ናቹራል ነው። ከካዛንቺስ ተነስተን ገላን ጉራ ብንገባም ትምህርት ቤቱን አልቀየርንለትም፣ እዛው አራት ኪሎ አካባቢ ነው ሚማረው፣ ከክፍል ሲወጣ አስጠኚው ጋር ካፌ ይገናኙና በሳምንት ሶስት ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ያጠናሉ። አስጠኚው ኢንጅነሪንግ የጨረሰ ጎበዝ ልጅ ነው ሰዓትም ያከብራል፣ ደብተሩን ሳየው ጥያቄው ሁሉ ተሰርቶ ሙልት ብሏል፣ ልጄንም ስጠይቀው “ገብቶኛል እማ” ነው ሚለኝ። አራት ወር ሙሉ ከፈልን። ሞዴል ሲፈተን ፊዚክስ 38 ማትስ 41 አመጣ። አባቱ አስጠኚው ይቀየር ይላል፣ ልጁ ደግሞ በጣም ወዶታል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ አስጠኚውን ከመቀየርዎ በፊት ደብተሩን አንዴ እንደገና ይዩልኝ፣ አሁን ግን ሚያዩት መልሱን ሳይሆን የእጅ ጽሑፉን ነው። ማን ነው የጻፈው? ግማሹ የአስጠኚው እጅ ከሆነ አራት ወር ሙሉ ሲለማመድ የነበረው አስጠኚው ነው ማለት ነው። ጽሑፉ የልጅዎ ሆኖ ግን አንድም ስርዝ ድልዝ ከሌለው ደግሞ የተገለበጠ ነው። ራሱ የሰራ ልጅ ደብተር ንጹህ አይሆንም፣ የተሰረዘ አለ፣ ዳር ላይ የተሞነጫጨረ አለ፣ ግማሽ ገጽ ሄዶ ተትቶ እንደገና የተጀመረ አለ።

ልጅዎ “ገብቶኛል” ሲልዎ እየዋሸ አይደለም። ሰው ሲሰራልን እያየን ሁሉም ነገር ይገባናል። እናቱ እንጀራ ስትጋግር አጠገቧ ቆሞ ያየ ልጅ ሁሉ ቀላል ይመስለዋል፣ ሊጡን ይዞ ራሱ ምጣዱ ፊት ሲቀመጥ ነው ክቡን አዙሮ መዝጋት ምን እንደሆነ ሚያውቀው። ፈተና ላይ ምጣዱ ፊት ሚቀመጠው እሱ ብቻ ነው።

ዛሬ ማታ አንድ ነገር ይሞክሩ። ባለፈው ሳምንት ከሰሩት ውስጥ አንድ ጥያቄ ይምረጡ፣ ጥያቄውን ብቻ ባዶ ወረቀት ላይ ገልብጠው ይስጡትና እርስዎ ወደ ስራዎ ይሂዱ። ፊዚክስ ማወቅ አይጠበቅብዎትም፣ እስክሪብቶው የት ጋር እንደቆመ ማየት ብቻ ነው። ሲያቅተው እንዳይቆጡት አደራ፣ ወረቀቱን እንዳለ በማግስቱ ለአስጠኚው ይስጡት። ያ ወረቀት ከሞዴሉ ውጤት በላይ ይናገራል፣ ምክንያቱም 38 እንዳመጣ እንጂ ምኑ ጋር እንደጠፋበት ውጤቱ አይነግርዎትም።

ለምን ይሄን ያህል እንደማጠብቀው አንድ ልጅ ልንገርዎት። ከጥቂት ዓመት በፊት ፒያሳ አንድ ቤት 11ኛ ክፍል ልጅ አስጠና ነበር፣ እናቱ የጠሩኝ “ኤሌክትሪክ አልገባው አለ” ብለው ነው። የመጀመሪያው ቀን ምንም ሳላስረዳ አንድ ጥያቄ ሰጠሁት፣ ሁለት ሬዚስተር (ከረንት እንዳይፈስ ሚከላከል እቃ) በፓራለል፣ ጎን ለጎን፣ ተገናኝተዋል አንዱ 4 ኦም ነው አንዱ 6 ኦም፣ ጠቅላላው ስንት ነው አልኩና እስክሪብቶውን ሰጥቼው ዝም አልኩ። ፎርሙላውን በትክክል አስቀመጠ። አንድ አራተኛ ሲደመር አንድ ስድስተኛ ብሎ ጻፈ፣ ከዛ ምንም ሳያመነታ ሁለት አስረኛ አለ፣ ገለበጠውና “5 ኦም” ብሎ አየኝ። የላዩን ከላዩ የታቹን ከታቹ ደምሮ ማለት ነው።

ጠረጴዛው ላይ እናቱ ያቀረቡልን ድፎ ዳቦ ነበር። “ሩቡን በላህ እንበል” አልኩት፣ “እሱ አልበቃህ ብሎ ደግሞ አንድ ስድስተኛውን ጨመርክ። አሁን የጻፍከው ሁለት አስረኛ ማለት አንድ አምስተኛ ነው፣ አንድ አምስተኛ ከሩብ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?” “ያንሳል” አለ። “ጨምረህ በልተህ እንዴት አነሰ?” ዳቦውን አየው፣ ወረቀቱን አየው፣ ብዙ ቆየ፣ እኔም አልተናገርኩም፣ ከዛ ራሱ ሰረዘውና ሁለቱንም ወደ አስራ ሁለተኛ አምጥቶ 3 ሲደመር 2፣ አምስት አስራ ሁለተኛ አለ። ሲገለበጥ 2.4 ኦም። ከዛ በኋላ ነው ፊዚክሱን ያመጣሁለት፦ በፓራለል ስታገናኝ ለከረንቱ ሁለተኛ መንገድ እየከፈትክለት ስለሆነ ጠቅላላው ሬዚስታንስ ሁልጊዜ ከትንሹም ያንሳል፣ ስለዚህ ትንሹ 4 ሆኖ እያለ 5 ሲወጣልህ ገና ሳታሰላ ስህተት መሆኑን ታውቃለህ።

የልጁ ችግር ኤሌክትሪክ አልነበረም። ከታች ክፍል ጀምሮ ሲንከባለል የመጣ የክፍልፋይ መደመር ነው፣ ማንም ሳያየው 11ኛ ክፍል ደረሰ፣ ክፍል ውስጥ 50 እና 60 ልጅ ሲኖር መምህሩ የያንዳንዱን ወረቀት መስመር በመስመር ማየት አይችልም። እኔም ጥያቄውን ራሴ ሰርቼለት ቢሆን ኖሮ 2.4 ብሎ በደንብ ገልብጦ “ገብቶኛል” ይለኝ ነበር። ለአንድ ልጅ አንድ አስጠኚ ሚቀጠረው ለዚች ቅጽበት ነው፣ እቺ ቅጽበት ከሌለች ቪዲዮ ማየት ይበቃው ነበር።

ስለዚህ ለአስጠኚው እንዲህ ይበሉት። የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ያለፈውን ትምህርት ጥያቄ ልጁ ብቻውን ሚሰራበት ይሁን። አዲስ ነገር ሲመጣ አንድ ምሳሌ አስጠኚው ይስራ፣ ከዛ በኋላ እስክሪብቶው ከልጁ እጅ አይውጣ። ጎበዝ ልጅ ነው ስላሉኝ ሲነግሩት ይሰማል ብዬ አስባለሁ፣ ብዙ ጎበዝ ወጣት ይሄን ማያደርገው ስንፍና ይዞት አይደለም፣ የተማረው እንደዛ ስለሆነና ቶሎ ብዙ ጥያቄ ካልጨረሰ ወላጅ ገንዘቤ ባከነ ሚለው ስለሚመስለው ነው። አንድ ወር ይስጡት። ከወር በኋላም ደብተሩ ላይ ያለው የአስጠኚው እጅ ጽሑፍ ከሆነ ያኔ ይቀይሩት፣ ልጁ ቢወደውም።

ስለ ቦታውም ልጨምር። አብርሆት ቅርባቸው ነው፣ ግን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እያወሩ ማስጠናት አይቻልም፣ ካፌ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ጫጫታ ነው። ሶስቱን ቀን ለሁለት ቀን ያድርጉትና ሶስተኛው ቀን ልጁ ብቻውን አብርሆት ገብቶ አስጠኚው የሰጠውን ጥያቄ ይስራ። ወጪም ይቀንሳል፣ ብቻውን መቀመጥም ይለምዳል። ማታ ሲመጣ ደግሞ “ገባህ?” ብለው አይጠይቁት፣ “ዛሬ ምኑ ጋር ተያዝክ?” ይበሉት።

ጥያቄ፦ ቲቸር እኔ አምስት ኪሎ 4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በኤጀንሲ በኩል አንድ 11ኛ ክፍል ልጅ አግኝቼ ማትስና ፊዚክስ አስጠናለሁ፣ የመጀመሪያውን ወር ግማሽ ኤጀንሲው ነው የወሰደው። ልጁ አይናገርም። ስጠይቀው መሬት መሬት ያያል፣ እኔም ይጨንቀኝና መልሱን እነግረዋለሁ። ባለፈው ደግሞ አባቱ ባለበት አንድ የቬክተር ጥያቄ አቃተኝና በላብ ተጠመቅኩ። ክፍያውም አንዳንዴ ሁለት ሳምንት ይዘገያል፣ ግን ቤተሰቡ በጣም ጥሩ ሰዎች ናቸው በሄድኩ ቁጥር ቡና ነው እራት ነው፣ እንዴት አፌን ሞልቼ ብር ልጠይቅ?

መልስ፦ ወንድሜ መጀመሪያ ዝምታውን እንየው። ጠይቀኸው መልሱን እስክትነግረው ድረስ ስንት ሰከንድ ትጠብቃለህ? በሚቀጥለው በሆድህ ቁጠር፣ አምስት ሳይሞላ እንደምትናገር እገምታለሁ፣ እኔም ስጀምር እንደዛው ነበርኩ። ልጁ ዝም ባለ ቁጥር ከጭንቅ ታወጣዋለህ፣ እሱም ዝም ካለ መልሱ እንደሚመጣለት ተምሯል። 30 ሰከንድ ጠብቅ፣ በጣም ረጅም ይመስልሃል፣ ግን እሱ ውስጥ የሆነ ነገር እየሰራ ነው።

ከዛ ጥያቄህን ቀይር። “ፎርሙላው ምንድነው?” ሲባል መሳሳት ስለሚፈራ ዝም ይላል። የእስክሪብቶ ክዳን ወደ ላይ ወርውርና “ጫፍ ላይ ስትደርስ አክስለሬሽኗ ስንት ነው?” በለው፣ በአማርኛ። ብዙ ልጅ ዜሮ ነው ይላል፣ ፍጥነቷ ዜሮ ስለሆነ፣ አክስለሬሽን ግን ፍጥነቷ ሚለዋወጥበት ልክ ነው። እሱም ዜሮ ካለህ አታርመው፣ “እሺ ፍጥነቷም ዜሮ አክስለሬሽኗም ዜሮ ከሆነ ምን ያወርዳታል? ለምን እዛው ተንሳፍፋ አትቀርም?” በለውና እንደገና ወርውራት። ስበቱ ጫፍ ላይ ስትደርስ እረፍት አይወጣም፣ ስትወጣም ጫፍ ላይም ስትወርድም ያው ወደ ታች 10 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ገደማ ነው። ይሄን በራሱ አፍ በአማርኛ ካስረዳህ በእንግሊዝኛ መጻፉ ቀላል ነው። ሃይስኩል ፊዚክሱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ብዙ ልጅ ቃሉን ሸምድዶ ነገሩን አያውቀውም፣ አንተ ደግሞ ሁለቱንም ቋንቋ ይዘህ አጠገቡ የተቀመጥክ ሰው ነህ።

ሌላ ሚሰራልኝ ዘዴ አለ፣ አውቄ የተሳሳተ ነገር እሰራና “አንድ ቦታ ተሳስቻለሁ ፈልግልኝ” እለዋለሁ። የሚፈራ ልጅ የራሱን ስህተት ማሳየት ያስፈራዋል እንጂ የኔን መፈለግ አያስፈራውም፣ ሲያገኘው ደግሞ ፊቱ ሲበራ ታያለህ።

የቬክተሩ ነገር አያስጨንቅህ። ቢቻል ጥያቄዎቹን አስቀድመህ ቤትህ ሰርተህ ሂድ፣ ያልተዘጋጀህበት ከመጣ ግን “አሁን አልመጣልኝም፣ ረቡዕ ይዤው እመጣለሁ” በልና ረቡዕ ይዘኸው ተገኝ። እንደውም የት ጋር እንደተያዝክ፣ ምን ሞክረህ እንደተውክ ለልጁ አሳየው፣ ትልቅ ሰው ሲያቅተው ምን እንደሚያደርግ አይቶ አያውቅም ይሆናል። ሚጎዳው ያላወቁትን ባወቁ መስሎ ማለፍ ነው፣ ልጆች ደግሞ ወዲያው ነው ሚያውቁት።

ብሩን በተመለከተ ይሉኝታህ ይገባኛል፣ ግን እራቱ ስጦታ ነው፣ ክፍያው ውል ነው፣ አይደባለቁ። አባትየውን ለብቻቸው ጠብቀህ “ጋሼ፣ ወር በገባ 5ኛው ቀን ቢሆንልኝ የትራንስፖርትና የቤት ኪራዬን ለማስተካከል ይመቸኛል” በላቸው፣ ማታ ደግሞ በቴክስት “እንዳወራነው” ብለህ ላክላቸው። ልጁ ሲቀር ሰዓቱ ይካካሳል ወይስ ይቆጠራል ሚለውንም እዛው ላይ አንሳው። ለሚቀጥለው ልጅህ ይሄን ሁሉ የመጀመሪያው ቀን ነው ምትጨርሰው፣ ያኔ ማንም አይከፋውም። በኤጀንሲ በኩል ከሆነም ስንት ወር ምን ያህል እንደሚቆርጡ ሳትፈርም ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ቲቸር 12ኛ ክፍል ነኝ ልደታ አካባቢ ነው ምኖረው። አስጠኚ መቅጠር አንችልም እናቴ ብቻዋን ነው ምታሳድገን። ሶስት ጓደኛሞች አብረን እናጠናለን ግን ሁላችንም ፊዚክስ ላይ ደካማ ነን፣ ፎርሙላ ሸምድደን እንገባና ጥያቄው ትንሽ ከተቀየረ እንጠፋለን። ማታ ማታ የማልፍ አይመስለኝም እያልኩ አለቅሳለሁ። አሁን ጀምረን እንደርሳለን?

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ትደርሳላችሁ፣ ግን ዛሬ መጀመር ነው። ፍርሃትሽ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፣ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. 50 ከመቶና በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። ቁጥሩ ያስፈራል። ግን ከነዚህ ውስጥ እንዳንቺ አስጠኚ ያልነበራቸው ብዙ ልጆች እንዳለፉ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሶስት መሆናችሁ ትልቅ ሀብት ነው፣ አጠናናችሁን ብቻ ቀይሩት። የቅኔ ተማሪ እንዴት እንደሚማር ሰምተሻል? የሰማውን ብቻ ይዞ አይቀመጥም፣ ራሱ ቅኔውን ይቆጥርና የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል፣ የኔታ የተበላሸውን ያርሙለታል፣ በማግስቱ እንደገና። እናንተም እንደዛ ነው። በየቀኑ አንዷ ተረኛ ትሁን፣ አንድ ጥያቄ ቤቷ ሰርታ መጥታ ለሁለታችሁ ታስረዳ፣ እናንተ ደግሞ በየመስመሩ “ለምን?” በሏት። “ፎርሙላው እንደዛ ስለሚል” መልስ አይደለም፣ እዛ ጋር ቁሙና መጽሐፉን ክፈቱ። መጽሐፉ ላይም ካጣችሁት ጻፉትና በእረፍት ሰዓት ለመምህራችሁ ውሰዱት። “ፊዚክስ አልገባኝም” ካልሽው መምህሩ ከየት ይጀምር? “እዚህ መስመር ላይ ይሄ ለምን ተባዛ?” ካልሽው ግን ሁለት ደቂቃ ነው ሚፈጅበት፣ ደስ ብሎትም ነው ሚነግርሽ።

ፈተናው ከ9ኛ ጀምሮ ስለሚያወጣ ከ12ኛ ብቻ አትነሱ። ቬክተር፣ ሞሽንና የኒውተን ሕጎች ላይ አንድ ወር ሙሉ ብትቆዩ አይባክንም፣ የ12ኛው ፕሮጀክታይል (የተወረወረ ነገር ጉዞ) እነሱ ላይ ነው ሚቆመው። ፍሉይድና ኤሌክትሮማግኔቲዝም ከዛ በኋላ ይምጡ። ካልኩሌተር ይዞ መግባት ስለማይቻል ከዛሬ ጀምሮ ስልካችሁን ዘግታችሁ በእጅ አስሉ። ለምሳሌ ኳስ በ25 ሜትር በሰከንድ በ37 ዲግሪ ተመታ፣ የ37 ሳይን 0.6 ነው ኮሳይኑ 0.8፣ ወደ ላይ 15 ወደ ፊት 20። ስበቱን 10 ብትይው ለመውጣት 1.5 ሰከንድ ለመውረድ 1.5፣ በጠቅላላ 3 ሰከንድ፣ በ20 ሲባዛ 60 ሜትር ላይ ያርፋል። አየሽ ሚያርፍበትን ርቀት ባንዴ ሚሰጠውን የሬንጅ ፎርሙላ አልተጠቀምንም፣ ስለዚህ ጥያቄው ቢቀየር፣ ኳሱ ከፎቅ ላይ ቢወረወር እንኳን፣ ያቺው መንገድ ትሰራለች። ፎርሙላው ብቻ የያዘ ልጅ ግን እዛ ጋር ነው ሚጠፋው።

የድሮ ፈተናዎችን አሁን አትጨርሷቸው፣ ሁለት ሶስቱን ሳታዩ አስቀምጡና መጨረሻው ወር ላይ ሰዓት ይዛችሁ ስሯቸው። ማታ ደግሞ ተኚ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 36 ነው፣ ሜክሲኮ አካባቢ ሹፌር ሆኜ እሰራለሁ። ዘንድሮ ማታ ዲግሪ ጀመርኩ። ካልኩለስ ላይ ከኔ በ15 ዓመት ሚያንሱ ልጆች ቀድመውኝ ሲሄዱ አፍራለሁ። አስጠኚ ብቀጥር ሰው ምን ይለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ ቀን መሪ ይዞ ውሎ ማታ ክፍል ሚቀመጥን ሰው እኔ አከብረዋለሁ፣ ሰው ምንም አይልህም። አስጠኚ ቅጠር፣ ስትቀጥር ግን “ከ9ኛ ክፍል አልጀብራ ጀምርልኝ” በለው፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ትልልቆቹን ሚጥላቸው ካልኩለሱ ሳይሆን በመሃል የተረሳው አልጀብራ ነው። በሳምንት ከአንድ ቀን ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ቀን አንድ አንድ ሰዓት ይሻልሃል፣ ደክሞህ ነው ምትመጣው።

ደግሞ ዴሪቫቲቭን ከልጆቹ በፊት አንተ ነህ ምታውቀው። ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ 4 ኪሎ ሜትር ነው እንበልና በትራፊኩ 20 ደቂቃ ፈጀብህ፣ አማካይ ፍጥነትህ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ነው። ግን መንገድ ላይ ዳሽቦርድህን ስታይ ቆጣሪው 12 ላይ ቆሞ አያውቅም። መጨረሻ ላይ መንገዱ ተከፍቶልህ እየፈጠንክ ነው፣ የመጨረሻዋን 100 ሜትር በ10 ሰከንድ ሄድክ፣ 36 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ከዛ ውስጥ የመጨረሻዋን 10 ሜትር ብቻ ብንወስድ 0.8 ሰከንድ፣ 45 ሆነ። ርቀቱን እያሳነስን ስንሄድ ቁጥሩ ወደ አንድ ቦታ ይጠጋል፣ ሚጠጋበት ቦታ ደግሞ በዛች ቅጽበት ቆጣሪህ ላይ መርፌው የቆመበት ነው። መጠጋቱ ሊሚት ይባላል፣ መርፌው ያሳየህ ቁጥር ዴሪቫቲቭ። ነገ ተሳፋሪ እስኪሞላ ስትጠብቅ እቺን በወረቀት ስራትና ለአስጠኚህ የመጀመሪያ ቀን ይዘህለት ሂድ፣ ከየት መጀመር እንዳለበት ወረቀትህን አይቶ ያውቃል።